የአባ ወገብና የፔጆዋ የፊት ሞላ

ሰው በሃያ ስድስት ዓመቱ ስለ ትዳር፣ ስለ ቤት ወይም ስለ ስደት ያስባል። እኔ ያለፈውን መስከረም በሙሉ ያሰብኩት ስለ ሁለት ጠምዛዛ ብረቶች ነው። ተኝቼ አሰብኳቸው፤ በልቼ አሰብኳቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝና ቅዳሴ ቆሜም አሰብኳቸው። መካኒኮች «ሞላ» ይሏቸዋል። መኪና ከጎማዋ በላይ የምትቀመጥባቸው፣ ጉድጓድ ሲመጣ እጥፍ፣ ጉድጓድ ሲያልፍ ዘርጋ የሚሉ ናቸው። የእኔ ጣጣ የፊቶቹ ሁለቱ ነበሩ። የኋላዎቹ ደህና ናቸው። በኛ ቤት ከኋላ ያለው ነገር ሁልጊዜ ደህና ነው፤ የሚያስቸግረን የፊቱ ነው።

መኪናዋ የአባቴ ፔጆ ናት። ነፍሱን ይማረውና፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እንግዳ እያመላለሰባት ነው ያሳደገን። እሱ ሲያርፍ፣ እንግዳውም ሲቀር፣ ፔጆዋ ግቢያችን ውስጥ ከሸራ ስር ተኛች። ዶሮዎች የኋላ ወንበሯን ወረሱ። እናቴ ኮፈኗ ላይ በርበሬ አሰጣችባት። ሞላዎቹ የሞተሩን ክብደት እንደተሸከሙ ዓመታት ሲቆሙ አንደኛው የፊት ሞላ ተሰበረ፤ ሌላውም ብቻውን ምን ያድርግ፣ ደከመው። መኪናዋ በአፍንጫዋ ወደ መሬት ተደፋችና፣ ጭነት አውርዱልኝ ብላ የተንበረከከች በቅሎ መሰለች።

አንድ ዓመት ሙሉ አደስኳት። ሞተሯን አስነሣሁ፤ ዝገቷን ፋቅሁ፤ ቀለም ቀባኋት፤ ዶሮዎቹን በፍርድ ቤት ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ ሁሉ አስወጣሁ። የቀረው የፊት ሞላ ብቻ ነበር። «ብቻ» ከምትባል ቃል ፈጣሪ ይጠብቃችሁ።

ስለ ሞላው የተጨነቅሁት ለጌጥ አይደለም። የንስሐ አባታችን አባ ተክሌ ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል። በልጅነታቸው በዲቁና ያገለገሉት ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ የጥቅምቱን ንግሥ አላዩም። በቅሎ አይችሉም። የዛሬ ሦስት ዓመት በሚኒባስ ሞክረው፣ ብልባላ ሳይደርሱ ተመልሰው፣ አንድ ወር ከአልጋ አልወረዱም። ነሐሴ ላይ ግቢያችን መጡና ፔጆዋን በመቋሚያቸው ጫፍ ነካ አደረጓት።

«ይህቺ ተነሥታ የመጪውን ጥቅምት ብታሳየኝ፣ ሌላ አልለምንም ነበር» አሉ።

የእኔ አፍ ከልቤ ይቀድማል። «አባ፣ እንቁላል እንደያዝኩ አድርጌ አደርስዎታለሁ» አልኩ።

እናቴ ከጓዳ ሆና ሰማች። እናቴ የሰማችው ቃል ማኅተም እንዳረፈበት ወረቀት ነው፤ ቢቀደድም ይጠየቁበታል።

መካኒኩ ሰይድ ይባላል። በሃያ ዓመት ይበልጠኛል፤ ነገር ግን «ጋሼ» ካሉት አርጅተሃል የተባለ ይመስለውና ይቆጣል። የመርሳ ከተማ ልጅ ነው፤ ላሊበላ መጥቶ ጋራዥ ከከፈተ ቆይቷል። ከመኪናዋ ስር ተኝቶ እያለ ነው ያነጋገረኝ። የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነበር።

«ሞላ ከመምረጥህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ» አለ ጫማው። «ማን ነው የሚጫነው?»

«አባና እኔ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም የለም። አባ ጸጥታ ይፈልጋሉ። ጎረቤቱ ሁሉ አሳፍረን እያለኝ ነው፤ ቦታ የለም ብያለሁ።»

ጫማው ወደ ሌላው ጎማ ተሳበ። «በንግሥ ቀን ባዶ ወንበር ይዘህ በእግረኛ መሀል ልታልፍ?» አለ። «ወላሂ፣ በድንጋይ ነው የሚሸኙህ።»

«ስለ ሞላው ንገረኝ።»

«ሁለት ዓይነት አለ። ለስላሳው ለቤት መኪና የሚሆነው ነው፤ ያስተኛሃል፣ ጭነት ከበዛበት ግን ይቀመጥና አይነሣም። ጠንካራው ለጭነት የተሠራው ነው፤ አይበገርም፣ ባዶውን ከነዳኸው ግን አንጀትህን ያወጣል። አስብበት። አትቸኩል።»

አትቸኩል ሲለኝ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። መርካቶ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴ «አቤት» ብሎ ነበር። «ለስላሳውን ላክልኝ» አልኩት።

ሞላው በአውቶቡስ እስኪመጣ አምስት ቀን ፈጀ። አምስት ቀን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ እጁን ልሳመው። እኔ ዞርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ለስላሳ ይሻላል ወይስ ጠንካራ እያልኩ ጠየቅሁ። ካዘዙ በኋላ ምክር መጠየቅ፣ ካገቡ በኋላ ዘር እንደመቁጠር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ጠየቅሁ። አንድ በቅሎ አከራይ፣ «ለሽማግሌ በቅሎ ስትመርጥ ሩጫዋን አታይም፤ ቁልቁለት ላይ እግሯን እንዴት እንደምታሳርፍ ነው የምታየው» አለኝ። ይህ ጥሩ ነገር ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው በቅሎውን ሊሸጥልኝ ጀመረ። አናጺው ከወይራ እንጨት ጠርቤ ልሥራልህ አለ። የሆቴል ጥበቃው በወጣትነቱ እንዲህ ያሉ መኪናዎችን ሲያጥብ እንደኖረ ነገረኝና፣ ችግሩ ሞላ ሳይሆን ጭቃ መሆኑን አስረዳኝ።

በመጨረሻ አባ ዘንድ ሄድኩ። ሞላ ልጠይቃቸው አፍሬ ግጥም አነበብኩላቸው። ግጥም የጻፍኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው፤ ይህንንም ለማወቅ ሁለት ስንኝ ይበቃል።

ልቤም እንደ ፔጆዬ በአንድ ጎን አዘመመ፣
ሞላው የተሰበረ መቼ ቀና ቆመ።

አባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «መልካም ነው» አሉ። «መኪናዋን ስትጨርስ የዚህንም የመጀመሪያውን ስንኝ ጠጋግነው። እዚያ ላይ ወገቤን ነካኝ።»

ለስላሳዎቹ ሞላዎች መጡ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ ቁመታቸው እስከ ጉልበቴ። ሰይድ ጋ ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ሰይድ ግን ከሰዓት በኋላ ነው የሚመቸኝ አለ፤ ጊዜው ደግሞ ጧት ሦስት ሰዓት ነበር። ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ስንት ደቂቃ እንዳለ የሚያውቅ የጠበቀ ብቻ ነው። ስለዚህ ልስላሴውን ራሴ ልፈትን አልኩ። አንዱን ሞላ ግቢያችን ጠርዝ ላይ አቆምኩት፤ በላዩ ሳንቃ አስተኛሁ፤ በሳንቃው ላይ ተቀመጥኩ። አባ ሆኜ ማለት ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ወገቤን እንደሳቸው ያዝኩ፤ ቀስ ብዬ ተወዛወዝኩ። ደስ ይል ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ በአጥር በኩል አዩኝ።

«እናትህ ታውቃለች?» አሉኝ።

ለመመለስ ዞር አልኩ። መዞር አልነበረብኝም። ሳንቃው ወደ አንድ ወገን፣ እኔ ወደ ሌላ ወገን፣ ሞላው ወደ ቁልቁለቱ ሄድን። የኛ ሰፈር ቁልቁለት ኳስ የወደቀበት ልጅ ሌላ ኳስ የሚገዛበት ዓይነት ነው። ሞላው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ተንከባለለ፤ ከዚያ ድንጋይ ሲያገኝ ነጠረ፤ በነጠረ ቁጥር ደግሞ የተሠራበትን ሙያ ያስመሰክር ጀመር። ተከትዬው ሮጥኩ። ሁለት አህዮች መንገድ ለቀቁለት። አንድ መነኩሴ አማተቡ። ገደሉ አፍ ላይ ስደርስ ከታች አንዴ «ጥን» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ብዙ ቆይቶ ሌላ «ጥን»።

ሁለት ቀን ፈለግሁት። እዚያ ገደል ውስጥ ዛሬ ላስታን በሙሉ የሚንቅ፣ ተመችቶት የሚቀመጥ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ እንዳለ አልጠራጠርም።

አንድ ሞላ ብቻውን ምንም ነው። መርካቶ ደወልኩ። ነጋዴው፣ «ለስላሳው አልቋል፤ ጠንካራው ነው ያለኝ» አለ። ንግሡ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እናቴ ወጥ እያማሰለች ታዳምጣለች። «ጠንካራውን ላክ» አልኩ። ድምፄ ከዚያ በፊት እንዲያ ቀጥኖ አያውቅም።

ጠንካራዎቹ ሐሙስ ደረሱ። ሰይድ በዚያው ቀን ገጠማቸው። መኪናዋን ያነሣበትን ክሪክ ዝቅ ሲያደርግ ፔጆዋ አብራ ዝቅ ትላለች ብለን ጠበቅን። አላለችም። ትላንት መሬት የምታሸት መኪና ዛሬ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ልጁ በሠርግ ላይ ሲወደስለት የሚሰማ አባት መሰለች። መሪውን ይዤ ስቀመጥ የሚታየኝ መንገዱ ሳይሆን የአሸተን ተራራ ጫፍ ነው።

ዓርብ ጧት ልሞክራት ወደ ገነተ ማርያም ነዳሁ። አባ በሚቀመጡበት ቦታ፣ በገለባ ጠቅልዬ፣ ከእናቴ የሰረቅሁትን አሥር እንቁላል በሰፌድ አስቀመጥኩ። ቃል ቃል ነው፤ እንቁላል እንደያዝኩ ብዬ የለ። ከከተማው እስክወጣ ደህና ነበርን። ኮረኮንቹ ሲጀምር የመጀመሪያው እንቁላል ዘለለ። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ፣ እንደ ተስማሙ ሆነው፣ ዘለሉ። እኔም ራሴ ሁለት ጊዜ ጣራውን ሳምኩ። ከአሥሩ ሁለቱ በሕይወት ተመለሱ። ቀኑ ዓርብ ስለነበረ ከሞቱት ላይ እንኳ የሚጠቀም አልተገኘ።

እናቴ መጥታ ወንበሩን አጠበች።  ሁለታችንም ያየነው እንቁላሉን አይደለም፤ የአባን ወገብ ነው። እሑድ ንግሥ ነው። እሳቸው ደግሞ ነጠላቸውን አሳጥበው፣ መቋሚያቸውን ዘይት ቀብተው፣ ለሚያገኙት ሁሉ «ዘንድሮ እሄዳለሁ» ሲሉ ሰንብተዋል።

ሰይድ ጋ እየሮጥኩ ደረስኩ። «አውጣቸው» አልኩት።

«አውጥቼ ምን ላስገባ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። ሆን ብሎ ነው የሚዘገየው፤ እኔን ሲያይ ይዘገያል። «አብሽር» አለ። «ጠንካራ ሞላ ሥራ ሲፈታ ነው የሚዘለው። ጫንበት፤ አደብ ይገዛል። ልክ እንዳንተ ነው።»

«ምን ልጫንበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ አራት ኩንታል የሚሆን ነገር። ወደ ፊት በርከት አድርገው።»

ላሊበላ ውስጥ ብዙ ነገር ይጠፋል፤ ድንጋይ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ድንጋይ እየሞላሁ መጫን ጀመርኩ። ከፊት ወንበር ስር አንድ ከረጢት፣ ከኋላ ሁለት። በያንዳንዱ ከረጢት ፔጆዋ አንድ ጣት ታህል ዝቅ ትላለች። ደስ አለኝ። አራተኛውን ስጎትት እናቴ መጣች።

«ምንድን ነው የምትጭነው?»

«ድንጋይ።»

«ለምን?»

«መኪናዋ ክብደት እንድታገኝ፣ ለአባ እንዲመቻቸው።»

እናቴ ከረጢቱን አየች፤ እኔን አየች፤ አጥሩን አየች። «እትዬ ጥሩዬ ሦስት ጊዜ አሳፍረኝ ብለውሃል» አለች። «ጎረቤቶቻችን ግንበኞቹ ወንድማማቾች ለምነውሃል። ቦታ የለኝም አልህ። አሁን ድንጋይ አሳፍረህ፣ ሰው ትተህ፣ ንግሥ ልትሄድ ነው?»

  ድንጋዩን አወረድኩ።

እሑድ ገና ሳይነጋጋ ሰይድ ከኛ በር ቆሞ ተሳፋሪውን እንደ እህል ነጋዴ በዓይኑ ይመዝናል። እሱም አብሮን ሊሄድ ነው፤ «እኔ የሠራሁት መኪና ያለ እኔ አይሰበርም» ብሏል። አባ ነጠላቸውን አጣፍተው በመስኮቱ በኩል ፊት ይቀመጣሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ችግሩ በእኔና በሳቸው መካከል የሚቀመጠው ሰው ነበር። ሰይድ ዓይኑን እትዬ ጥሩዬ ላይ ጣለ።

«እትዬ፣ እርስዎ ፊት ይሁኑ።»

«ፊት ለካህን ነው እንጂ ለኔ ምኑ ነው። እኔ ኋላ እሆናለሁ።»

«እርስዎ ፊት ካልሆኑ መኪናዋ አትረጋም።»

እትዬ ጥሩዬ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ወፍረሻል ነው የምትለኝ?»

«ኧረ በአላህ። እኔ አላልኩም፤ ፊዚክስ ነው።»

«እሱ ደግሞ ማነው?»

ከዚያ መገባበዙ መጣ። እናቴ ግንበኞቹን ይቅደሙ አለች፤ ግንበኞቹ እናቴን ይቅደሙ አሉ፤ እትዬ ጥሩዬ አባ ሳይገቡ አልገባም አሉ፤ አባ ደግሞ እሳቸው መካከል ካልገቡ መግባት አይችሉም። ሰማዩ ነጣ። አንዲት መኪና፣ አራት በር፣ ሰባት ሰው፣ ከእኔ በቀር አንድም ውስጥ የለም። እኔ ሞተሩን አስነሥቼ መሪውን እደበድባለሁ። በመጨረሻ አባ መቋሚያቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና፣ «ጥሩዬ፣ ግቢ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ቆሜ ላልቅ ነው» አሉ።

እትዬ ጥሩዬ ገቡ። ሰይድ ጎማው ሥር ተንበርክኮ በጣቱ ይለካል። «ሁለት ጣት ወረደች» አለ ከታች። አባ ገቡ፤ እሳቸው ምንም አላወረዱም። ከኋላ እናቴና ሁለቱ ግንበኞች ሲገቡ፣ የጠላው ጀሪካንና የዳቦው አገልግል ሲከተሉ፣ ፔጆዋ ረጅም ትንፋሽ ያወጣች መሰለች። ሰይድ ራሱን በበሩ አስገብቶ፣ ከዚያ ቀሪውን አስገብቶ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን መኪና ሆነች። ቀስ ብለህ» አለ።

ቀስ ብዬ ነዳሁ። ኮረኮንቹ ጋ ስደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ፔጆዋ ድንጋዩን ረገጠች፤ ዝቅ አለች፤ ተነሣች፤ አለፈች። ሌላ ድንጋይ፤ ዝቅ፤ ተነሣች፤ አለፈች። ዓርብ እንቁላል ያስጨፈረችው መኪና አልመሰለችም። በመዞሪያው ሁሉ እትዬ ጥሩዬ አንዴ ወደኔ አንዴ ወደ አባ ዘንበል ይላሉ፤ ወደ አባ ሲያዘነብሉ አባ እንደ ትራስ ይደገፏቸዋል። ከኋላ ግንበኞቹ መዝሙር ጀመሩ። እኔ ለአባ ያሰብኩላቸው ጸጥታ እዚያው ላይ አለቀ።

ብልባላን ስናልፍ አባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። በፍጹም አይንቀሳቀሱም። ሰማንያ ምናምን ዓመት፣ የታመመ ወገብ፣ እኔ ደግሞ ሹፌር።  መኪናዋን አቆምኩና በእትዬ ጥሩዬ ላይ ተንጠራርቼ ጆሮዬን ወደ አባ አፍንጫ አስጠጋሁ።

«ለምን አቆምህ?» አሉ አባ፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ።

«ም... ምንም አባ። ሞተሩን ላሳርፈው ብዬ።»

«ሞቼ እንደሆነ ልታይ ነው። አልሞትኩም፤ ተኝቼ ነው። ሂድ።»

መኪና ውስጥ ተኝተው! እትዬ ጥሩዬ የሳቃቸው መንቀጥቀጥ ወደ ሞላው ተላልፎ እስከሚቀጥለው መዞሪያ ድረስ ናጠን። እኔ ግን ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ግጥም ሳይቀር በልቤ ጀምሬ ነበር።

ደረስን። ሰው እንደ ጎርፍ ይፈስሳል። መኪናዋን ከዛፍ ሥር አቆምኩ፤ ዞሬ የአባን በር ከፈትኩ፤ እንደ አሸናፊ እጄን ዘረጋሁ። ያኔ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። መኪና የሚሄድበት መንገድ እዚያ ያልቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከላይ፣ ከጥዱ ጫካ ባሻገር፣ ዋሻው ውስጥ ነው። ከዚህ እስከዚያ ደረጃና ዳገት ነው። ልጅ ሆኜ ስመጣ እየሮጥኩ ስለምወጣው መንገድ መሆኑን እንኳ ረስቼው ነበር። አንድ ወር ሙሉ ስለ ሞላ አስቤ፣ ሞላ ስለማይወጣው ዳገት አንድም ቀን አላሰብኩም።

«አባ» አልኩ፣ «ዳገቱን... ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ መቼ ቆመህ ታዳምጣለህ» አሉ። ወደ ላይ፣ ከበሮው ወደሚሰማበት አዩ። «ሁለታችን ብቻ ነን ስላልከኝ፣ ከዚህ ከሥር ተሳልሜ እመለሳለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። ይህም ይበቃኛል።»

 ትልቁ ግንበኛ፣ «ኧረ አይበቃዎትም» ብሎ ወደ ድንኳን ተካዮቹ ሄደና ሁለት ረጃጅም እንጨት ተውሶ መጣ። እናቴ ጋቢ አቀበለች። እትዬ ጥሩዬ መቀነታቸውን ፈተው ቋጠሩበት። ሰይድ ቋጠሮውን ሁሉ እየሳበ ፈተነ። ቃሬዛ ሆነ። አባን አስቀመጥናቸውና አራት ሆነን ተሸከምን፤ ሁለቱ ግንበኞች፣ ሰይድና እኔ። ድንጋይ ጭኜ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ዳገቱን ከነማን ጋር እወጣው እንደነበር እያሰብኩ አልነበረም። እያላበኝ ነበር።

ሰዉ መንገድ ለቀቀልን። እናቴና እትዬ ጥሩዬ ከፊት እየመሩ እልል አሉ። ዳገቱ መሀል ስንደርስ አባ ከላይ በመቋሚያቸው እንጨቱን ነካ ነካ አደረጉ።

«ቆዩ እስቲ» አሉ። ቆምን። «የፊት ግራው ዝቅ ብሏል።»

ከአራታችን አጭሩ እኔ ነኝ። የፊት ግራው እኔ ነበርኩ። ሰይድ ከኋላ ሳቁን ሊይዝ ሲታገል ቃሬዛው ተንቀጠቀጠ።

«ይቀየር አባ?» አለ።

አባ ጎንበስ ብለው አናቴን አዩት። እንደ በቅሎ ገዢ ትንሽ አሰቡ።

«ይቆይ» አሉ። «ዛሬ የተገኘው እሱ ነው።»

የቀረውን ደረጃ በሙሉ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ወጣሁት።